«ቆብ ብቻ ነው» ለሚለው መልስ

በትራኮማ ሳቢያ ወደ ውስጥ የታጠፈን የዓይን ቆብ የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና ቆቡ ብቻ ደንዝዞ ይሠራል፤ ታካሚውም በዚያው ዕለት ቤቱ ይገባል። ከዚህ በመነሣት «የተነካው ቆብ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ሥራም ስፖርትም ይቻላል» የሚል አስተያየት በጽሑፍ ወጥቷል። ስህተት ነው፤ ለጅማ ዙሪያ ቡና ገበሬ ደግሞ አደገኛ ስህተት።

ቆብ ደም ሥር የበዛበት ስስ አካል ነው። ጆንያ ሲያነሡ ወይም የወደቀ ቡና ለመልቀም ሲያጎነብሱ የፊት ደም ሥሮች ግፊት ይጨምራል፤ ያልጠገገው ቁስል ይደማል፣ ያብጣል። ከዓይን ኳስ ጀርባ የሚጠራቀም ደም እምብዛም ባያጋጥምም ብርሃን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። አቧራና ላብ ደግሞ ቁስሉን ያመረቅዛሉ።

አንድ ነገር ማመን ይገባል፦ የሽፋሽፍቱ ዳግም ወደ ውስጥ መቀልበስ በአብዛኛው የሚያያዘው ከቀዶ ሕክምናው አሠራር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በአማራ ክልል 1,000 ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ በአንዱ ዘዴ 13 በመቶ፣ በሌላው 22 በመቶ መመለሱን አሳይቷል። ይህ ግን ላለመድማት ዋስትና አይሆንም።

ቁስሉ የተሰፋበት የሐር ክር የሚወጣው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ጅማ ሄርማታ ገበያ በዝግታ ደርሶ መመለስ አይጎዳም። ሸክም፣ ሩጫና እግር ኳስ 2 ሳምንት ይቆዩ፤ የወንዝ ዋና ከዚያም ይዘግይ። ለቀማው ከደረሰ ጆንያውን ደቦ ያንሣው።