ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ አንድ መዝሙር

ልጅ ታቅፋችሁ ወጥ እያማሰላችሁ በእግራችሁ በር የምትገፉ እናቶች የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እንዴት እንደሚጫወቱት ለመረዳት አትቸገሩም። እኛ አገር ኦርጋን ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የባንድ መሣሪያ ነው። የአውሮፓው ግን ነፋስ በቧንቧዎች ውስጥ ሲያልፍ የሚጮህ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ሳይመጣ በፊት ነፋሱን የሚሰጠው ሰው የሚረግጠው ወናፍ ነበር። ተጫዋቹ በእጆቹ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ቁልፎች ሲነካ፣ ወፍራሙን ድምፅ ደግሞ በእግሩ ይረግጣል።

በጀርመን ሉተራውያን ዘንድ ምእመናኑ መዝሙር ከመጀመራቸው በፊት ዜማውን የሚያስታውሰው አጭር የኦርጋን መግቢያ ኮራል ፕሬሉድ ይባላል። ዮሐን ሴባስቲያን ባሕ እ.ኤ.አ. ከ1708 እስከ 1717 በቫይማር ቤተ መንግሥት ሲያገለግል፣ ለ164 መዝሙሮች ቦታ የተከፈለበት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጀመረ። የተጠናቀቁት 46 ብቻ ናቸው፤ የቀረው ገጽ ባዶውን ቀረ። ኋላ በጻፈው የርዕስ ገጽ ላይ መጽሐፉ ለጀማሪ ማስተማሪያ፣ በተለይም ለእግር ልምምድ እንደሆነ ገልጿል። በእነዚያው ዓመታት ባለቤቱ ማሪያ ባርባራ 6 ልጆች ወልዳ፣ ከእነዚህ መካከል መንትዮቹን ቀብራለች። ስለ ባዶዎቹ ገጾች ብዙ ተጽፏል። ስለ እርሷ ድካምም ቢጻፍ መልካም ነበር።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ «ወደ አንተ እጮኻለሁ» የተሰኘው ነው። ዝግ ያለና ሦስት ድምፅ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ቀኝ እጅ ዜማውን ይዛ፣ ግራ እጅ ሳታቋርጥ ስትፈስ፣ እግር እንደ ልብ ትርታ እኩል ይረግጣል። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በቅድሚያ እግር ለብቻው ይጠናል፤ ቀጥሎ ግራ እጅ ለብቻዋ። ጭንቁ ሁለቱን ማጋጠም ላይ ነው፤ ግራ እጅ እግርን ልከተል ትላለችና። ይህ ሳይለመድ ቀኝ እጅን መጨመር ጊዜ ማባከን ነው። ከሥራ ተመልሳ ግማሽ ሰዓት ብቻ ያላት እናት ሙሉውን ከምትደጋግም ይልቅ ሁለት መስመር በዝግታ ብታጠና ይሻላታል። በችኮላ የተደጋገመ ስሕተት እርሱም ይጠናል። ቁልፉን በኃይል መምታትም ድምፁን አይጨምረውም፤ ስሜት የሚገለጸው ድምፁን በማስረዘምና በማሳጠር፣ በመካከልም በሚተወው ጥቂት ዝምታ ነው።

ለዚህ ትምህርት ፈረንሳዊቷ ወይዘሮ ማሪ ክሌር አላን ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1926 በፓሪስ አቅራቢያ በሳን ዠርማን አን ሌ ነው። አባታቸው አልቤር በመኖሪያ ቤታቸው በገዛ እጃቸው ኦርጋን ሠርተዋል። የሙዚቃ ደራሲ የነበሩት ወንድማቸው ዣን እ.ኤ.አ. በ1940 በጦርነት ሲሞቱ ማሪ ክሌር የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። የሁለት ልጆች እናት የሆኑት ወይዘሮ ከ200 በላይ ሸክላዎች ሲያስቀርጹ፣ የባሕን የኦርጋን ሥራዎች በሙሉ ሦስት ጊዜ ተጫውተው አስቀርጸዋል። አንዴ ያስቀረጹትን «አበቃ» ብለው አልተዉትም፤ በሦስተኛው ጊዜ በዕድሜ የገፉ፣ በባሕ ዘመን የነበሩ ኦርጋኖችን ፈልገው ነው የተጫወቱት። እ.ኤ.አ. በ2013 አርፈዋል።

ቀረጻው ራሱ ሌላ ሥራ ነው። የመኪና ድምፅ እንዳይገባ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይመረጣል። ማይክሮፎኑ ከቧንቧዎቹ ራቅ ብሎ ይተከላል፤ የሕንፃው ማስተጋባት ካልተጨመረበት ድምፁ ደረቅ ይሆናል። ብርዱ ሲለዋወጥ የቧንቧዎቹ ቅኝትም ይለዋወጣልና፣ ማታ የተቀረጸውን ንጋት ላይ ከተቀረጸው ጋር መቀጠል አያመችም። የመጨረሻው ቁልፍ ከተለቀቀ በኋላም ድምፁ በጣሪያው ሥር ለጥቂት ሰከንድ ይቆያል። በዚያን ጊዜ ተጫዋቿ እግሯን ከመርገጫው ላይ አታነሳም፤ ወንበሩም እንዳይንቋቋ ትጠነቀቃለች።