ተራራችንም የንግድ ሀብት ነው

የውጭ ምንዛሪ የሚገኘው ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ማዶ በመላክ ብቻ አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለዚህ ምስክር ነው፤ በእግር ተራራ ሊወጣ ከመጣው እንግዳ ባለበቅሎውም ባለሱቁም ተጠቅመዋል።

በመካነ ሰላም አቅራቢያ የሚገኘው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ የደንቆሮን ደን ያቀፈ ሀብት ነው። ሰላም ሰፍኖ እንግዳ ሲመጣ የእግር መንገድ፣ ንጹሕ መኝታና ስንቅ መሻቱ አይቀርም። ይህን ማሰናዳት ለመንግሥት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ የነጋዴውም ድርሻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከደኑ ተቆርጦ የሚመጣ እንጨትና ከሰል አንግዛ። ዛሬ በርካሽ የምንገዛው ሸክም የነገውን እንግዳ ያስቀርብናልና። ዋናውን የበላ ነጋዴ ከወዴት ያተርፋል?