የእናት እንባ ዋጋው አንድ ሺሕ ብር ነውን?

እስቲ ጥቂት አብረን እናስብ። አንድ ተማሪ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ትምህርቱ ሲሔድ መኪና ገጭቶ ገደለው እንበል። እናቱም ከስሳ ዳኛ ፊት ቆመች። የመኪናው ባለቤት ራሱ ጥፋት ባይሠራም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 ስለሚናገር፤ በዚህ በኩል ሕጉ ከእናትዮዋ ጋር ነው። ችግሩ የሚመጣው ዳኛው ለኅዘንዋ ካሣ ሊቈርጥላት ብዕሩን ባነሣ ጊዜ ነው። ያው ሕግ በቁጥር 2116 የኅሊና ጉዳት ካሣ ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም ብሎ እጁን ይይዘዋል።

ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያን ጊዜ 1,000 ብር 400 የአሜሪካ ዶላር ያኽል ያወጣ ስለነበረ ቁም ነገር ያለው ገንዘብ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ዘውዱ ወረደ፤ ደርግም መጥቶ ሔደ፤ ይህች ቁጥር ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ኅዘን በገንዘብ አይለካም፤ ወሰን ካልተደረገለትም ዳኛው ሁሉ እንደ ስሜቱ ይፈርዳል» ይላሉ። ሐሳቡ ፍሬ የለውም አልልም። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410፤ መብቱ ለተነካበት ደራሲ የሚከፈለው የሞራል ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ለደራሲው ይገባዋል፤ አልቀናበትም። ግን ድርሰቱ ለተሰረቀበት ቢያንስ መቶ ሺሕ፤ ልጅዋ ለሞተባት ቢበዛ አንድ ሺሕ የሚል ሚዛን እንዴት ያለ ሚዛን ነው? ኅዘን የማይለካ ከሆነ ለደራሲው እንዴት ተለካ?

«ለገንዘብ ኪሳራዋ ሌላ ካሣ ታገኛለች» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሕጉ በቁጥር 2091 ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ዳሩ ግን ደመወዝ የሌለው ተማሪ ወይም ሕፃን ሲሞት የገንዘብ ኪሳራውን አስልቶ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ትልቁ ጉዳት ኅዘኑ ነው፤ የተወሰነውም እርሱ ነው።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ሕግ፤ በሐኪም ስሕተት ለተጎዳ ሰው ለሥቃዩና ለኅዘኑ የሚከፈለው ካሣ ከ250,000 ዶላር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ገንዘቡ በየዓመቱ እየረከሰ ሲሔድ ቁጥሩ ለ47 ዓመታት ሳይለወጥ ኖረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉ ተሻሻለ። ከጥር 2023 ጀምሮ ወሰኑ ለአካል ጉዳት 350,000፤ ለሞት 500,000 ዶላር ሆነ። በዐሥር ዓመት ውስጥም ቀስ በቀስ እስከ 750,000ና እስከ 1,000,000 ዶላር ይደርሳል፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ 2 በመቶ ይጨመርበታል። እዚያም ሐኪሞችና የመድን ድርጅቶች የሚሰጉበት ነገር ነበረ፤ ግን ወሰኑን ሳያፈርሱ ከዘመኑ ጋር እንዲራመድ አደረጉት።

የእነርሱን የገንዘብ መጠን እንቅዳ አላልሁም፤ ሀብታችን ሌላ ነው። መቅዳት የሚገባን ዘዴውን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይ ወሰኑን አንሥቶ ለዳኛው ርትዕ ይተውለት፤ ወይም ወሰን ያስፈልጋል ካለ ከኑሮው ውድነት ጋር አብሮ የሚያድግ ወሰን ያብጅለት።

የሕግ ተማሪዎች ሆይ! ቁጥር 2116ን ለፈተና ብቻ አጥንተን የምናልፈው ከሆነ፤ ነገ ጠበቃና ዳኛ ሆነን ያችን እናት ምን ብለን ልንመልሳት ነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሕጉ የረሳውን እኛ እናስታውሰው።