«ሕያው ድንጋይ» እየገዙ ሬሳ ማጠብ

ለባሕር አኳሪየም ከተፈጥሮ ሪፍ የተነቀለ ድንጋይ «ሕያው» ተብሎ ይሸጣል። ሕያው ያሰኘው በላዩና በቀዳዳዎቹ የሚኖሩት ስፖንጅ፣ ትላትል፣ አልጌና ባክቴሪያ ናቸው። ይሁንና በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ በአውሮፕላን ሲጓዝ ከዚህ ሕይወት ብዙው ይሞታል።

ገዢው ታዲያ ምን ያደርጋል? የበሰበሰውን በብሩሽ እየፋቀ፣ የገማውን ውኃ እየቀየረ ሳምንታት ይቆያል። ከብስባሹ የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ መጨመር መግደል ነው።

ልብ ይባል! ሕያው ተብሎ የተከፈለበት ዕቃ የመጀመሪያ ሥራው መበስበስ ሆነ ማለት ነው። «ባክቴሪያው የግድ ነው» የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ግን በደረቅ ድንጋይም ላይ ይራባል። የሚፈልገው ጥቂት አሞኒያና ትዕግሥት ነው።

በፍሎሪዳ ዳርቻ ባለው የአሜሪካ ፌዴራል ውኃ ከተፈጥሮ ሪፍ ድንጋይ መንቀል ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። አርቢዎች ከየብስ የተቆፈረ ድንጋይ ባሕር ውስጥ አስቀምጠው ሕይወት እስኪለብስ ይጠብቃሉ። ንግዱም አልሞተም።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ የተነቀለ ሪፍ ግን ተለቅሞ አይመለስም።