ራቤል ትከፍላለች፣ አዲስ አበባ ታብባለች!

«እነ ራቤል እኮ የሚኖሩት በድጎማ ነው!» ይህች አነጋገር በሹማምንቱና በአጫፋሪዎቻቸው ዘንድ ፋሽን ከሆነች ሰነባብታለች። ስለ ትንንሽ ከተሞች ውሃ፣ ስለ መንገዳቸው፣ ስለ ቄራቸው ጥያቄ ያነሳ ሰው የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። «ገቢ የላቸውም፣ በድጎማ ነው የሚኖሩት፣ አርፈው ይቀመጡ!»

ለመሆኑ ድጎማ ማለት ምን ማለት ነው? ማንስ ነው ማንን የሚደጉመው?

ራቤልን ለማያውቋት አንባብያን ልንገራቸው። ራቤል በሰሜን ሸዋ የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከመሐል ሜዳ አልፎ፣ ከመንዝ ደጋ በስተሰሜን፣ የወሎን ድንበር ታካ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። አገሩ የገብስና የበግ አገር ነው። ፎቅ የላትም፤ ፋብሪካ የላትም። ግብር ግን ትከፍላለች። እንዴት? በሉ ቁጭ ብለን እናስላ።

አንድ የግሼ ገበሬ ገብሱንና በጉን ሸጦ ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ይገዛል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ አገር የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ ነው። የ100 ብሩ ዕቃ 115 ብር ይሆናል። የራቤሉ ባለሱቅ ለታክሱ ያልተመዘገበ ትንሽ ነጋዴ ቢሆን እንኳ ሲያመጣ የከፈለውን ታክስ ዋጋው ላይ ጨምሮ ይሸጣል እንጂ ከኪሱ አይችለውም። ብረቱ ከውጭ የገባ ከሆነ ደግሞ ቀረጡም እዚያው ዋጋው ውስጥ ተቀብሯል። ሳሙናውም፣ የስልክ ካርዱም እንዲሁ ነው።

ይህ ገንዘብ የት ተመዘገበ? ራቤል ነው? የለም! የተመዘገበው አስመጪው፣ ፋብሪካውና የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ባሉበት በአዲስ አበባና በጉምሩክ ጣቢያዎች ነው። ሸክሙን የተሸከመው የግሼ ገበሬ፣ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ሌላ! የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ ይሉሃል ይህ ነው። ከዚያ በኋላ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት ቀረጡና በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ታክስ ወደ ፌዴራሉ ካዝና ይገባል። ከዚያም ቀንሰው፣ ቆንጥረው ሲመልሱልን «ድጎማ» ብለው ስም ያወጡለታል። የራሳችንን ጋቢ አውልቀው ሲያበቁ ጫፉን ቀደው «እንኩ ልበሱ» እንደማለት ነው!

እሺ፣ ስሙ ድጎማ ይሁን። ቆንጥረው የሚመልሱትስ ስንት ነው?

ጎበዝ፣ ይህን ቁጥር ልብ ብላችሁ አንብቡት። በ2010 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት በጀት 320.8 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ ለክልሎች ድጋፍ የተመደበው 117 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። በ2018 ዓ.ም. በጀቱ ወደ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲመነደግ ለክልሎች የተያዘው 315 ቢሊዮን ብር ያህል ነው። ማካፈል የሚችል ያካፍል! በ2010 ከየመቶው ብር 36 ብር ከ50 ሳንቲም ያህል ለክልሎች ይሄድ ነበር። በ2018 ወደ 16 ብር ወረደ። ከግማሽ በላይ ተቆረጠ ማለት ነው!

«ብሩ በቁጥር ጨምሯል እኮ!» የሚል ካድሬ አይጠፋም። አዎን ጨምሯል፤ ሦስት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ። በ2010 መጀመሪያ 27 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 100 ብርን ዘልሏል። ጤፍና ዘይት በነዚያ ስምንት ዓመታት ስንት እጥፍ እንደናሩ ደግሞ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ እኔ አልነግረውም። «ዕዳ አለብን» ይላሉ። ዕዳው መኖሩን ማን ካደ? ብድሩን ሲበደሩ ራቤልን አማክረዋል ወይ ነው ጥያቄው።

አሁን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ እንውረድ። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ የሚወርደው ጥቅል በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ነው። ለአስተማሪው፣ ለጤና ሠራተኛው፣ ለግብርና ባለሙያው ይከፈልበታል። ክፉ አይደለም። የከተማው የራሱ ሥራ፣ ማለትም የጎርፍ መውረጃው፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ ቄራው፣ የገበያ ቦታው፣ የቆሻሻው ማንሻ ግን በማዘጋጃ ቤቱ የራስ ገቢ ይሠራ ተብሏል። የራስ ገቢው ምንድነው? በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የተጀመረው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ የገበያ ክፍያ፣ አንዳንድ አገልግሎትና ሊዝ ነው። አዲስ አበባ አንዲት ቁራጭ መሬት በሊዝ ስታጫርት የምታገኘውን ገንዘብ አንዲት የደጋ ከተማ በስንት ዓመት የበግ ገበያ ታገኘዋለች?

የዓለም ባንክ ገንዘብም በመጣ ጊዜ ነገሩ ያው ነበር። በ2006 ዓ.ም. 44 ከተሞች ተመረጡ። በ2010 ዓ.ም. ቁጥሩ 117 ደረሰ። መመዘኛው የሕዝብ ብዛት ስለነበረ ትንንሾቹ የወረዳ ከተሞች ከበር ቀሩ። ትንሽ ስለሆንክ አታድግም፣ ስላላደግህ አይሰጥህም! ይህ ምን የሚሉት ፍልስፍና ነው?

አንባብያን ሆይ! «ሁሉም ድሃ አገር እንዲህ ነው» እንዳትሉኝ ወደ ህንድ ልውሰዳችሁ። ህንድ ድህነት የማታውቅ አገር አይደለችም። ግን በ1976 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ገቢና ወጪን የሚመረምር ብሔራዊ የጥናት ተቋም በኒው ዴልሂ አቋቋመች። ምሁራኖቿ የከተሞችን ሂሳብ ሳንቲም በሳንቲም እያገላበጡ ይጽፋሉ፤ ይከራከራሉ፤ መንግሥትን ይወቅሳሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. የጸደቀው 74ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ደግሞ ለትንንሽ ከተሞች ሳይቀር የተመረጠ ምክር ቤት ሰጣቸው። እያንዳንዱ ክልል በየአምስት ዓመቱ የፋይናንስ ኮሚሽን እንዲያቋቁም፣ ኮሚሽኑም ከክልሉ ገቢ ለከተሞች ስንት ይድረስ የሚለውን አጥንቶ እንዲያቀርብ ግዴታ ሆነ። የክልሉ መንግሥት ምክሩን ተቀብሎ ምን እንዳደረገ ለክልሉ ምክር ቤት ማብራሪያ ማቅረብ አለበት። ከማዕከል ወደ ክልሎች የሚወርደውም ቢሆን፣ 15ኛው የፋይናንስ ኮሚሽን ለክፍፍል ከሚቀርበው ታክስ 41 ከመቶው የክልሎች ነው ብሏል። ለከተሞች ከሚሰጠው እርዳታ ጋርም የተመረመረ ሂሳባችሁን ለሕዝብ ይፋ አውጡ የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል።

ህንድን ገነት አላደርጋትም። ኮሚሽኖቹን በጊዜው የማያቋቁሙ ክልሎች አሉ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የከተሞቿ ገቢ ከአገሪቱ ኢኮኖሚ አንጻር ኢምንት መሆኑን ራሱ አጋልጧል። ልዩነቱ ይኸውላችሁ፦ እዚያ ጉድለቱን የሚናገረው የመንግሥት ባንክ ነው፤ እዚህ ጉድለቱን የተናገረ «ፀረ ልማት» ይባላል!

እኛ ጋ ምሁር ጠፍቶ ነው? አይደለም። ዶ/ር እሸቱ ጮሌ ገና በ1980ዎቹ አጋማሽ ክልሎችና የገንዘብ ሥልጣናቸው እንዴት ይገናኙ በሚለው ላይ ጥናቶች ሰብስበው መጽሐፍ አሳትመዋል። የጠፋው ሰሚ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከፌዴራል ወደ ክልል የሚወርደውን በቀመር ያከፋፍላል። ከክልል በታች ላለችው ከተማ ግን የሚሟገትላት ነፃ ኮሚሽን የት አለ? እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው የወረዳ መሥሪያ ቤት ሄጄ የማዘጋጃውን የዓመት ገቢና ወጪ ብጠይቅ «ከበላይ ደብዳቤ አጽፈህ ና» ተብያለሁ። የሕዝብ ሂሳብ ለማየት ደብዳቤ! የጦር መሣሪያ ብዛት የጠየቅሁ ይመስል!

በዚህ መሀል ጥር 2017 ላይ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። እኔ የንብረት ታክስ በጭፍን አልቃወምም። መሬት አንዴ ከተሸጠ አበቃ፤ የቤት ግብር ግን በየዓመቱ ይመጣል። የህንዷ ፓትና በ1993 እ.ኤ.አ. ግምቱን ከጸሐፊዎች ዓይንና ኪስ አውጥታ በቤቱ ስፋት፣ በቦታው፣ በአሠራሩና በአገልግሎቱ እንዲሰላ አደረገች። ባንጋሎርም በ2000 እ.ኤ.አ. ነዋሪው ራሱ አስልቶ እንዲከፍል ስትፈቅድ ገቢዋ ጨመረ። ምስጢሩ ቀላል ነው፦ ከፋዩ ስሌቱን ያውቀዋል። የኛዎቹ ግን ከአዋጁ በፊት፣ በ2015 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባን የጣሪያና ግድግዳ ግብር ድንገት ቆልለው ሕዝቡን አስደንግጠውት ነበር። በዚህ ዓይነት አያያዝ ነገ ራቤል ቢሄዱ ምን ሊሉ ነው? የጎርፍ መውረጃ በሌለበት ሰፈር የጎርፍ መውረጃ ታክስ ሊያስከፍሉ ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

በጋራ ሀብት መተዳደርንም ለመንዝ ሰው የሚያስተምረው ካድሬ አያስፈልገውም። የጌራና የአስቦ ሰዎች የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል። አባ ቀራውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ያንን ሥርዓት ያፈረሰው የሕዝቡ ድንቁርና ሳይሆን በ1967 ዓ.ም. ከላይ የወረደው የመሬት አዋጅ ነው። ሣሩን እንዲያ በሥርዓት ያስተዳደረ ሕዝብ የማዘጋጃ ቤት ሂሳብ ይጠፋዋል?

«አገሩ ጦርነት ላይ ነው፣ አሁን የምን ኮሚሽን ነው?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ክልሉ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ያየውን መከራ አውቃለሁ። ግን ሰው ጠመንጃ የሚያነሳው «ከግብሬ የተመለሰልኝ ምንድነው?» ብሎ ጠይቆ መልስ ሲያጣም ጭምር መሆኑን የሚያውቁት ያውቁታል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ክልሉ በየአምስት ዓመቱ የከተሞችን ድርሻ የሚያጠና፣ ጥናቱንም ለሕዝብ የሚያወጣ ነፃ ኮሚሽን በሕግ ያቋቁም። ሁለተኛ፣ የትኛዋም የወረዳ ከተማ በሕዝብ ብዛቷ ምክንያት የማትነፈገው፣ ከደመወዝ የተለየ የከተማ ሥራ በጀት ይመደብላት። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪውን በአማርኛ ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፍ። ይህ የመጨረሻው የሚያስወጣው አንድ ወረቀትና ጥቂት ሙጫ ብቻ ነው። ለዚህም «በጀት የለንም» ካሉን ያን ጊዜ ችግሩ የብር ሳይሆን የሌላ ነገር መሆኑን ራሳቸው መሰከሩ ማለት ነው።

እስከዚያው ግን፣ እባካችሁ፣ «ድጎማ» የምትለዋን ቃል ከአፋችሁ አውጡልን። የራሳችንን ነው የጠየቅነው!