የእኛ ስፖርት መኪና ዲኤክስ ናት

ስፖርት መኪና ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ፌራሪ ነው፣ ፖርሽ ነው፣ ቢበዛ የዱባይ ልጆች የሚነዱት ሙስታንግ ነው። እኔ የማወራው ግን ስለ ዲኤክስ ነው። አዎ፣ ስለዚያችው አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ ቆም ብትሉ ዝቅ ብላ፣ ቸርኬዋ እያብረቀረቀ፣ ማርሚታዋ እያጓራ ስለምታልፈው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ። እኔም አንድ አለችኝ። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ ሊብሬዋ ላይ የሞተሯ መጠን 1,290 ሲሲ ይላል። ይህንን ይዤ "ስፖርት መኪና አለኝ" ስል የሚስቁ ጓደኞች አሉኝ። ይሳቁ።

መከራከሪያዬን ላቅርብ። ዲኤክስ የምንላት ቶዮታ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣት አራተኛው ትውልድ ኮሮላ ናት። "ዲኤክስ" የሚለው ራሱ የሞዴሉ ስም አይደለም፤ "ዴሉክስ" ለማለት ኋላዋ ላይ የተለጠፈ የደረጃ ምልክት ነው። እኛ አገር ግን ምልክቱ ስም ሆኖ ቀረ። መኪናዋ ቀላል ናት፣ ማርሿ በእጅ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኃይሏን የምታወጣው በኋላ እግሯ ነው። ቀጣዩ ትውልድ ኮሮላ በ1983 ሲመጣ ቶዮታ ሴዳኖቹን ወደ ፊት እግር ቀየራቸው። በኋላ እግር የቀረችው ኤኢ86 የምትባለው ባለ ሁለት በር ታናሽ እህቷ ነበረች፤ የዓለም የድሪፍት ወዳጆች እንደ ታቦት የሚያከብሯት፣ ጃፓኖች ካርቱን የሠሩላት ያቺው። የኤኢ86 አጥንት ደግሞ በብዛት ከዲኤክስ የተወረሰ ነው። በአውስትራሊያና በማሌዥያ ያሉ ወጣቶች የእኛን ዲኤክስ ፈልገው እየገዙ ለድሪፍት የሚሠሯት በከንቱ አይደለም። እኛ ጋ ግን እናቷም አባቷም "አሮጌ መኪና" የሚል ስም ነው ያላቸው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ኢኮኖሚክስ ስንማር መኪና ከመሸጫው ግቢ በወጣች ማግስት ዋጋዋ መውረድ ይጀምራል ተብለን ነበር። የኢትዮጵያ መኪና ይህን ትምህርት አልተማረችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን በዕድሜያቸው እየለየ ታክሱን እስከ 500 በመቶ ሰቀለው። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ ለፓርላማ ተናገሩ። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብር በገበያ ይወሰን ተባለ። ሦስቱን አንድ ላይ አድርጉና አንዲት የአርባ ዓመት ዲኤክስ ባለቤት ሆናችሁ አስቡት። አዲስ አቅርቦት የለም፣ ምትኳ በዶላር ነው፣ ፈላጊው ግን አለ። ስለዚህ ያቺ "ቆርቆሮ" በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ትጠራለች። ሰው ወርቅ ይገዛል፣ መሬት ይገዛል፤ አዳማ ላይ ዲኤክስ ገዝቶ ያቆመም አውቃለሁ። ይሄ ሰውዬ ግን የመኪና ወዳጅ አይደለም፤ ሸራ አልብሶ አስቀምጧት ጎማዋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

እኔ መኪናዬን ለንግድ አልያዝኳትም። የማወጣላትን በደብተር እመዘግባለሁ፤ አንዳንድ ወር ደብተሩን መግለጥ አልፈልግም። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ፣ ያውም ሰልፉን ታግሳችሁ ካገኛችሁት፣ ዝም ብሎ "ሽርሽር" የሚባል ነገር ቀርቷል። ግን አንድ ነገር ደብተሩ ላይ አይታይም። ዲኤክስ የያዘ ሰው ሙያ ይማራል።

መካኒኬ ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ ነው፤ ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ጋራዣቸው ስትገቡ ግማሹ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ፓራውልት። ጣሊያን ሄደ፣ ፊያት ሄደ፣ ቃላቱ ግን የጃፓን መኪና ላይ ተቀምጠው ቀሩ። መንግሥትም ቢሆን "ሊብሬ" እና "ቦሎ" ሲል ጣሊያንኛ እያወራ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር የሞተር ሳይሆን የትዕግሥት ነው። ብሎን በጉልበት ልፈታ ስል እጄን ይይዙና "ሱታ፣ ሱታ፣ ልጄ" ይሉኛል። ቀስ በል ማለታቸው ነው። የቴስታታው ብሎኖች በቅደም ተከተል፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ነው የሚጠብቁት፤ አለዚያ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ያፈስሳል፣ ውኃና ዘይት ይገናኛሉ። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው ሕይወቱን ሙሉ አይረሳውም።

የአዳማ መኪና ደግሞ የራሷ ሕመም አላት። ነፋሱን ታውቁታላችሁ፤ ከተማዋ ዳር ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ለጌጥ አይደለም። ያ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፣ የአየር ማጣሪያው አዲስ አበባ ካለ መኪና በጣም ቀድሞ ይደፈናል። ሙቀቱም አለ። ራዲያተሩ በዝገት ግማሹ ከተዘጋ መጋቢት ላይ ወደ ሶደሬ ስትወርዱ መርፌዋ ወደ ቀዩ ትሄዳለች። በሌላ በኩል ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መኖር አንድ ጥቅም አለው፤ አዳማ ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለምትል አየሩ ወፈር ያለ ነው፣ ሞተሩ የተሻለ ይተነፍሳል። አዲስ አበባ ካርቡራተሯን አስተካክለው ያመጧት መኪና እዚህ ሌላ ጠባይ ታሳያለች።

ይህን በጣም የሚገባችሁ ወደ አሰላ ስትወጡ ነው። ከአዳማ ተነስታችሁ አዋሽን ተሻግራችሁ፣ በዴራና በኢተያ አድርጋችሁ እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ያንኑ ያህል ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሞተሩ ይታፈናል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይወጣል። አሰላ ቆማችሁ ካንዴላውን ብትፈቱት ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ። የዛሬ መኪና ይህን በኮምፒውተር ያስተካክላል፣ ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ። ዲኤክስ ላይ ግን ጠመንጃ ፈቺ ይዛችሁ ኮፈን ከፍታችሁ፣ ጆሯችሁን ደግናችሁ ነው። እኔ ፊዚክስ የገባኝ እዚያ መንገድ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መኪና መቀየር፣ ማለትም እኛ "ማሠራት" የምንለው ነገር ላይ ስንመጣ የራሴን ሰፈር ልጆች ማስቀየሜ ነው። አብዛኛው ሥራ መኪናዋን የሚያበላሽ ነው። ዋነኛው ሞላ ማስቆረጥ ነው። ሞላ በተቆረጠ ቁጥር ያጥራል ብቻ ሳይሆን ይጠነክራልም፤ አሞርዛተሩ ግን ለድሮው ሞላ የተሠራ ነው፣ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ መኪናዋ ፍጥነት መቀነሻው ላይ ስትደርስ ትዘላለች፣ ኩርባ ላይ እግሯ መሬት ይለቃል። በቆንጆ ፎቶ ፋንታ መሪ ያስረከበ ሰው ማለት ነው። የማርሚታውን ሆድ ዕቃ ማውጣትም ፈረስ ጉልበት አይጨምርም፤ ድምፅ ነው የሚጨምረው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በመኖሪያ ሰፈር መሀል የሚያጓራ ዲኤክስ የማንንም ልብ አያማልልም፤ ሕፃን ያስለቅሳል፣ ሕመምተኛ ይቀሰቅሳል፣ ሁላችንንም "ዱርዬ" ያሰኛል።

ጥሩ ሥራስ? እኔ ባለኝ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ፍሬን ነው፣ ቀጥሎ ጎማ፣ ከዚያ ቦኮላና ቴስቲና፣ ከዚያ ራዲያተር። ሞተር መጨረሻ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ኪጃንግ የምትባለው የቶዮታ መኪና ላይ የዲኤክስ ሞተር ቤተሰብ የሆነው 5ኬ ለዓመታት ሲሠራ ኖሯል፤ 1,486 ሲሲ ነው፣ በዲኤክሱ ሞተር መቀመጫ ላይ ብዙም ሳያስቸግር ይገባል። ዓለም ላይ ያሉ የዚህች መኪና ወዳጆች መጀመሪያ የሚመኙት ይህንን ነው። እዚህ ግን ሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ተጽፏል፤ ልቀይር ካላችሁ የጉምሩክ ሰነድ፣ የሊብሬ ለውጥ፣ ምልልስ። እኔ አሰብኩት፣ ወጪውን አሰላሁት፣ ተውኩት። የኋላ ወንበር ላይ የደህንነት ቀበቶ ማስገጠም በርካሽ ዋጋ አለቀልኝ፤ እህቴ ከኋላ ስትቀመጥ ልቤ አርፏል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ቅሬታዬ ያለው። ዓመታዊ ምርመራ ሄጄ ነበር፤ የት እንደሆነ ይቅር። መርማሪው መኪናዬን ዞር ዞር ብሎ አየና "ኦሪጅናል ቸርኬዋን ግጠምና ተመለስ" አለኝ። ፍሬኑን አዲስ ሸራና አዲስ ቱቦ አስገጥሜ፣ ቦኮላዎቹን በሙሉ ቀይሬ ነው የሄድኩት። ይህን የጠየቀኝ የለም። ከፊቴ ተሰልፎ የነበረው ሰው መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ ግራ እንደምትስብ ራሱ ነው ያጫወተኝ፤ መልኳ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች ስለሆነ አለፈች። እኔ ከጓደኛዬ ኦሪጅናል ቸርኬ ተውሼ፣ ገጥሜ፣ አሳልፌ፣ ማታውኑ መለስኩለት። በነገራችን ላይ ያ ቸርኬ በዚያው ወር ሦስት መኪና አሳልፏል። የሰፈሩ የጋራ ንብረት ነው።

ኢኮኖሚስቶች ስለ ማበረታቻ ያወራሉ። ይህ ዓይነቱ ምርመራ የሚያበረታታው ምንድን ነው? መደበቅን። በፍሬን ላይ ገንዘብ ያወጣ ምንም አያገኝም፣ መልክ የጠበቀ ያልፋል፣ ሞላ የቆረጠው ደግሞ ለአንድ ቀን የተውሶ ሞላ ይገጥማል። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለን። የምጠይቀው አዲስ አዋጅ አይደለም። የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ለይቶ የሚጽፍ አንድ ግልጽ ዝርዝር ነው። ጀርመን አገር ቸርኬ ወይም ሞላ የቀየረ ሰው መኪናውን ቲዩቪ ለሚባለው ዓይነት መርማሪ ድርጅት ያሳያል፤ መርማሪው ይለካል፣ ደህና ከሆነ ለውጡ በሰነዱ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ በኋላ ፖሊስም ሌላ መርማሪም አይጨቃጨቅም። የተቆረጠ ሞላ ደግሞ እዚያ አያልፍም። እኛም ጋ እንዲህ ቢሆን ሞላ ቆራጩ ይወድቃል፣ ፍሬን ሠሪው ያልፋል። ለመርማሪውም ይቀለዋል።

"የነዳጅ መኪና ዘመኑ አልፎበታል፣ ለምን ትደክማለህ?" የሚለኝ አለ። አንድ ወዳጄ የኤሌክትሪክ መኪና ይነዳል፤ መብራት ላይ ጎን ለጎን ቆመን አረንጓዴ ሲበራ እሱን ከኋላው ነው የማየው፣ ያውም ለአፍታ ብቻ። ቅናት የለብኝም ብዬ አልዋሽም። ኤሌክትሪክ መምጣቱንም አልቃወምም፤ ነዳጅ የምንገዛው በስንት መከራ በተገኘ ዶላር ነው። ግን የሱ መኪና ስትበላሽ ምን እንደሚያደርግ ስጠይቀው ትከሻውን ነው የሚነቀንቀው። የሚከፍታት ሰው ገና አልበዛም። የሚከፍታትን ሰው ደግሞ ከየት ነው የምናመጣው? ቶዮታ ራሱ በ2021 ለኤኢ86 የተቋረጡ መለዋወጫዎችን እንደገና ማምረት ጀመረ፤ በ2023 መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንዷን ኤኢ86 በኤሌክትሪክ፣ ሌላዋን በሃይድሮጅን ሠርቶ አሳየ። አሮጌውን ከመጣል ይልቅ መማሪያ አደረገው። እዚሁ አዳማ፣ ድሮ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ የነበረው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለን። ዲኤክስን ወደ ኤሌክትሪክ የመቀየር ፕሮጀክት ለተማሪ ምን ያህል ትምህርት እንደሚሆን አስቡት፤ ቀላል ናት፣ ሞተር ክፍሏ ሰፊ ነው፣ ካምቢዮዋ ይታወቃል።

የመጨረሻው ጉዳይ የመንጃ ቦታ ነው። ልጆቹ ሌሊት ሰፋፊ አስፋልት ላይ የሚሽከረከሩት ክፋት ስላለባቸው ብቻ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው። ፈጣኑን መንገድ መሞከሪያ ማድረግ ደግሞ እብደት ነው፤ የአርባ ዓመት ቦኮላ ይዞ ከሲኖትራክ ጋር መሽቀዳደም። ጂምካና የሚባል ውድድር አለ። ትልቅ የውድድር ሜዳ አይፈልግም። አንድ ሰፊ አስፋልት ግቢ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ኮኖች፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው፣ አምቡላንስ፣ የራስ ቁር። መኪኖቹ አንድ በአንድ ነው የሚገቡት፣ ፍጥነቱም የከተማ ፍጥነት ነው፣ የሚፈተነው እጅና እግር ነው። መግቢያው ላይ ጋሼን የመሰለ መካኒክ ቆሞ ሞላ የቆረጠውን ይመልስ። በወር አንድ እሁድ ጠዋት ይበቃል። ከተማ አስተዳደሩ በበዓል ሰሞን ለባዛር የሚሰጠውን ግቢ ለዚህም ቢሰጥ ወጪው ምኑ ነው?

እስከዚያው እኔ የፊት ቦኮላ እየፈለግኩ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለው ነጋዴ የጠራልኝ ዋጋ ደብተሬ ላይ የሚጻፍ አይደለም፤ ሞጆ ላይ ከተቆራረጠች ዲኤክስ የወጣ ደህና አለ ብለውኛል። ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ። ጋሼ "ሳላየው እንዳትከፍል" ብለውኛል።