ከዳሞታ ሥር ያለው ዐለት

በዚህ እትም በኳርትዝ ጅማት ውስጥ ስለሚገኝ መዳብና ስለ ፍለጋው ታሪክ እንጽፋለን። ሶዶ ያለ አንባቢ ወዲያው የሚጠይቀውን እናውቃለን፦ «ወላይታስ?»

ዳሞታ እሳተ ገሞራ የገነባው ተራራ ነው። ከሶዶ ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደውን ምድርም በአብዛኛው የሸፈነው ከስምጥ ሸለቆው መከፈት ጋር የፈሰሰ ላቫና የወረደ አመድ ነው። እኛ የምንጽፍለት የመዳብ ጅማት ግን ከዚህ እጅግ ባረጀ፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው መሠረተ ዐለት ውስጥ የሚገኝ ነው። የጋለ ውሃ በስንጥቅ ሽቅብ ሲወጣና ሲቀዘቅዝ በውስጡ የሟሟው ሲሊካ ኳርትዝ ሆኖ ይረጋል፤ መዳቡም ከድኝ ጋር ተጣምሮ በውስጡ ይቀራል። ገጽ ላይ ሲወጣ በአየርና በዝናብ ይለወጥና አረንጓዴ ማላካይት ይሆናል። አሳሽ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ይህ አሮጌ ዐለት በአዶላ በኩል ገጽ ላይ ይታያል። በዚያው አካባቢ በሚገኘው በለገደምቢ ወርቅ የያዙት የኳርትዝ ጅማቶች የመዳብ ማዕድን የሆነው ካልኮፓይራይትም አለባቸው። የአዶላ ወርቅ በመጀመሪያ የተለቀመው ከወንዝ አሸዋ ነበር፤ ወደ ጅማቱ ለመድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት ወስዷል።

ወላይታ መዳብ ባይኖራት ባልጩት አላት። በዳሞታ ደቡብ ምዕራብ ተዳፋት ባለው በሞቼና ቦራጎ ዋሻ፣ ዕድሜው ወደ 50,000 ዓመት በሚደርስ አፈር ውስጥ ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው ይህን ነው። የሶዶ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ተራራው ይዘው እንዲወጡ አደራ እላለሁ።